ኮምቦልቻ ልውረድ ወይስ ደሴ ልቅር?

እስቲ ምከሩኝ። ደሴ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ስምንት ዓመቴ ነው። ደመወዜ የቤት ኪራይ ከከፈልኩ በኋላ ወር አያደርሰኝም። አሁን ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ለመጋዘን ሥራ ፈልጎኛል፤ ክፍያው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። 7 ከመቶ የጡረታ መዋጮው እዚያም ይቆረጣል፣ እሱ አያሳስበኝም። መንገዱም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በክረምት ጭጋግ የሐረጎን ቁልቁለት በየቀኑ መውረድ ግን... ተዉት።

የከበደኝ ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት ክፍልፋይ አልገባ ብሎት ለኖረ ልጅ ዳቦ ቆራርሼ አሳየሁት። «ቲቸር፣ በቃ ይኼው ነው?» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ፈገግ ስል ዋልኩ። ባለቤቴ ግን «ፈገግታ ጤፍ አይገዛም» ትላለች። እውነቷን ነው።

ከማስተማር ወደ ፋብሪካ የገባችሁ፣ ክፍሉ አልናፈቃችሁም? ተጸጽቶ የተመለሰስ አለ? እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ።