በበጋ ቀለም የሚሰጥ አገር በቀል ቁጥቋጦ ለደብረ ማርቆስ ጓሮ

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)
ጤና ይስጥልኝ። ካናዳ የምትኖረው እኅቴ በላከችልኝ ፎቶግራፍ ላይ፣ ቅጠሉ ረግፎ በበረዶው መካከል ቅርንጫፎቹ እንደ በርበሬ ቀልተው የሚታዩ ቁጥቋጦ አየሁ። ኮርነስ እንደሚባልና የዚያው አገር በቀል እንደሆነ ነግራኛለች። የእኔ ጓሮ ከጥር እስከ ሚያዝያ ከአቧራ በቀር የሚታይ ነገር ስለሌለው፣ ይህንኑ አስመጥቼ ልትከል ወይስ የሚተካው የአገራችን ተክል ይኖራል?

መልስ (ከባሕር ዳር)
የእነርሱ ክረምት የእኛ በጋ መሆኑን አይዘንጉ። ያ ቁጥቋጦ ደምቆ የሚቀላው ቀኑ አጥሮ ብርዱ ሲበረታ፣ ቅጠሉም ረግፎ ለጋው ቅርንጫፍ ፀሐይ ሲያገኝ ነው። ደብረ ማርቆስ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ ያዩትን ቅላት እዚህ ያገኙታል ብዬ አልጠብቅም። ተክል ከውጭ ለማስገባት የኳራንታይን ፈቃድ መጠየቅም አለ።

መልስ (ከቢቡኝ)
በዚህ እስማማለሁ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የምተክለው ቀጋን ነው። ቀጋ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ብቸኛው አገር በቀል ጽጌረዳ ሲሆን፣ ነጭ አበባው ንብ ይስባል፤ አበባው ካለፈ በኋላም ፍሬው ወደ ብርቱካንማና ቀይ እየተለወጠ አጥሩን ያደምቀዋል። በእረኝነታችን ዘመን ፍሬውን እየለቀምን እንበላ ነበር፤ በውስጡ ያለውን ጸጉራም ዘር ያላወጣ ግን ጉሮሮውን ሲያሳክከው ይውል ነበር። አምጃም ቀላ ያለ ቅርንጫፍና ደማቅ ቢጫ አበባ አለው፤ ነገር ግን እንደ ጮቄ ያለውን ደጋ ስለሚወድ ለእርስዎ ሁለተኛ ምርጫ አደርገዋለሁ።

ለመትከል በሰኔ ዝናቡ ሲጠና የእርሳስ ያህል ውፍረትና 20 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ የጠነከረ ቁራጭ ወስደው ከግማሽ በላይ ይቅበሩት። ሁሉም ስለማይጸድቅ ከሚፈልጉት በላይ ይትከሉ። መሬትዎ ዋልካ ከሆነ ውኃ ቋጥሮ ሥሩን እንዳያበሰብሰው መደቡን ከፍ ያድርጉት። እሾሁ እንደ መንጠቆ ስለሆነ ከመተላለፊያ ያርቁት፤ አለዚያ የእንግዳ ነጠላ ሁሉ እየያዘ ያስቸግርዎታል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። እኅቴ ኮርነስ በየጊዜው ከሥሩ ይቆረጣል ብላኛለች፤ ቀጋንም እንደዚያ ላድርገው?

መልስ (ከቢቡኝ)
አይቆርጡትም። እዚያ የሚቆርጡት ቅላቱ የሚደምቀው በለጋው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ነው፤ ያረጀው እየጠቆረና እየደበዘዘ ስለሚሄድ በየዓመቱ ሲሶውን ያህል ያስወግዱለታል። ከቀጋ የሚፈልጉት ግን ፍሬውን ነው፤ የሚያፈራውም በጠነከረው ቅርንጫፍ ላይ በመሆኑ ሁሉን ከሥሩ ካጨዱት ያንን ዓመት ባዶ አጥር ያያሉ። ፍሬው ካለቀ በኋላ የደረቀውንና ወደ መንገድ የወጣውን ብቻ ያስተካክሉ፤ ለዚህም ወፍራም የቆዳ ጓንት ያስፈልግዎታል።