ማዕበልና መርከብ በመዳብ ሰሌዳ ላይ፦ ሰማዩ ለምን ይጠቁራል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰም በተቀባ የመዳብ ሰሌዳ ላይ በመርፌ ሥዬ፣ መስመሩን በፈሳሽ አስበልቼ የማዕበልና የመርከብ ኅትመት እየሠራሁ ነው። መነሻዬ የኔዘርላንዱ የባሕር ሠዓሊ ሉዶልፍ ባክሁይዘን እ.ኤ.አ. በ1701 ያወጣቸው ዐሥር የባሕር ኅትመቶች ናቸው። የሰማዩ ቀጭን መስመር ልክ እንደ መርከቡ ጎን ይጠቁራል፤ አረፋው ላይ ደግሞ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይወጣል። መዳቡን የሚበላው ፈሳሽ 42 ቦሜ (የፈሳሽ ጥግግት መለኪያ) ፌሪክ ክሎራይድ ነው፣ ሰሌዳው አንዴ ገብቶ 50 ደቂቃ። ጥፋቱ የት ነው?

ቀለምና መዳብ፦ «አንዴ ገብቶ» የሚለው ላይ። መስመር የሚጠቁረው በፈሳሹ ውስጥ በቆየበት ጊዜ ልክ እንጂ መርፌውን በመጫን አይደለም። ሁሉንም ይሣሉ፤ 8 ደቂቃ ያህል አስገብተው ያውጡ፣ አጥበው ያድርቁ፣ ሰማዩን ፈሳሹ በማይበላው በአስፋልት ቫርኒሽ ይሸፍኑ። ቫርኒሹ ሳይደርቅ ከመለሱት ፈሳሹ ከሥር ሾልኮ ይገባል። ለማዕበሉ 15 ደቂቃ ይጨምሩ፣ እሱንም ይሸፍኑ፤ ለመርከቡ ጎን ሌላ 30። ሙቀቱና የፈሳሹ እርጅና ደቂቃውን ስለሚለውጡ አስቀድመው በቁራጭ መዳብ ይሞክሩ። ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ታች አድርገው በትንንሽ ድጋፍ ያንሱት፤ አለዚያ ዝቃጩ መስመሩ ውስጥ ተቀምጦ መበላቱን ያቆመዋል።

ነጠብጣቡ የመጣው ከቅባት ወይም ከስስ ሰም ነው። ሰም ከመቀባትዎ በፊት መዳቡን በጠመኔ ዱቄትና በአሞኒያ ይሹት፤ ውኃ ሳይቆራረጥ ከተንጣለለበት ጸድቷል። አረፋ አይሣልም፣ ባዶ ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ያንን ቦታ ከመጀመሪያው በቫርኒሽ መሸፈን ይሻላል። አሁን የወጣውን ነጠብጣብ በመፋቂያ ፍቀው፣ በዘይትና በማለስለሻ ብረት ይሹት።

ሰሜን ነፋስ፦ ቴክኒኩ ተብሏል፤ ነፋሱን ግን አትርሱ። ኅትመቱ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይወጣል። የኔዘርላንድ ባንዲራ ቀለሞቹ አግድም ስለሆኑ መገልበጡን አያጋልጥም፤ በመርከቡ ኋላ ያለ ጽሑፍና የታወቀ የወደብ ግንብ ግን ወዲያው ያሳብቃሉ። ሸራው፣ ባንዲራውና የማዕበሉ ፍንጣቂ ወደ አንድ አቅጣጫ ካልሄዱ መርከብ የሚያውቅ ሰው ይስቃል።

ስለ አለቱም አንድ ነገር፦ የኔዘርላንድ ዳርቻ አሸዋ ነው። በኔዘርላንድ የማዕበል ሥዕሎች የሚታየው ሹል አለት የሩቅ አገር ወይም የምሳሌ ነው። በአገሩ መርከብ የሚበላው ከውኃ በታች ያለ የአሸዋ ክምር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1593 በቴክሰል ደሴት አጠገብ መልሕቅ ጥለው የቆሙ ብዙ መርከቦች በአንድ ማዕበል ጠፍተዋል።

ጥላ፦ ሰሌዳው ጨርሶ ከተበላሸም አይጣል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ ሠዓሊ ሄርኩለስ ሴገርስ መርከብ የቀረጸበትን ትልቅ መዳብ ቆራርጦ ቁራጮቹ ላይ የመልክዓ ምድር ሥዕል ሠርቷል፤ የመርከቡ ገመዶች ዛሬም ሰማዩ ላይ ይታያሉ።