ዜናን በኢምባርጎ መላክ ያዋጣል?

ማኪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሐሙስ ጠዋት የክፍያ አፕ እናስጀምራለን። አለቃዬ «መግለጫውን ማክሰኞ ለጋዜጠኞች ላኪና እስከ ሐሙስ እንዳያወጡት በያቸው» አለኝ፤ ኢምባርጎ የሚሉት መሆኑ ነው። አንዱ ቀድሞ ቢለጥፈውስ? በሕግ ይጠየቃል?

የድሮ ዘጋቢ፦ እህቴ፣ ፊርማ ከሌለ ነገሩ የቆመው በቃል ብቻ ነው። መጀመሪያ «እስከ ሐሙስ የሚያዝ ዜና አለኝ፣ ትስማማለህ?» ብለሽ ጠይቂ፤ እሺ ካለ ላኪለት። ሳትጠይቂው ኢሜይሉ ውስጥ ጣል ያደረግሽበት ሰው የቱን ቃል ነው የሚያፈርሰው? ሰዓቱን ደግሞ አደራ! «ሐሙስ 3 ሰዓት» ብለሽ ለውጭ ዜና ወኪል ከላክሽ እሱ በፈረንጅ ሰዓት አንብቦት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው የሚያወጣው፣ ስድስት ሰዓት ቀድሞ፣ ያውም ምንም ሳያጠፋ።

ቡና በጨው፦ እኔ አልወደውም። ኔቸር የሳይንስ መጽሔት ጥናት ቀድሞ ሲሰጥ ዘጋቢው እንዲያነብና ሌላ ባለሙያ እንዲጠይቅ ነው። የአፕ ምረቃ ግን ምን የሚመረመር ነገር አለው? የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጹ ቴክክራንች እኮ በ2008 እ.ኤ.አ. በዚህ ተማሮ «ከእንግዲህ ኢምባርጎ አላከብርም» ብሎ በይፋ ጽፏል።

ሰለሞናዊ፦ የአሜሪካውን ዜና ወኪል የኤፒን ዘጋቢ ኤድዋርድ ኬኔዲን አትርሱ። በ1945 እ.ኤ.አ. የጀርመንን እጅ መስጠት ወታደራዊውን እገዳ ጥሶ ዘገበ፣ ከሥራ ተባረረ፣ ኤፒ ይቅርታ የጠየቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሱ ከሞተ ስንት ዘመኑ!

ማኪ፦ ገባኝ። ለማምናቸው ሁለት ዘጋቢዎች ብቻ ደውዬ እጠይቃለሁ። የቴሌግራም ቻናሎቹ ሐሙስ ይደርሳቸዋል።