ክርክር፦ ካፌ በር ላይ በጠባብ ኬጅ ወፍ ማንጠልጠል ይከልከል?

አወያይ፦ አንድ የደሴ አባላችን ካፌ በር ላይ ለጌጥ የሚሰቀሉትን ትንንሽ ክብ ኬጆች «ከተማው ይከልክላቸው» ብሏል። ምን ትላላችሁ?

የጦሳ ልጅ፦ ይከልከል! ባጂ የምንላት ትንሿ በቀቀን የአውስትራሊያ ወፍ ናት፤ በመንጋ ሰፊ ሜዳ አቋርጣ የምትበር። ክንፏን መዘርጋት በማትችልበት ቤት መቆለፍ ግፍ ነው።

በያጁ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ገዢው ይወቅ። ደንበኛ ይመጣና «ረጅምና ክብ አድርገህ ሥራልኝ» ይላል። ወፍ ሄሊኮፕተር አይደለችም፤ የምትበረው ወደ ጎን ነው። ለሁለት ባጂ የጎኑ ርዝመት ከ75 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ክቡ ላይ ደግሞ ዘንጎቹ አናት ላይ ሲገናኙ እየጠበቡ ጣት ይይዛሉ። በዘንጎቹ መሀል ያለው ክፍተት ከ1.2 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ከሰፋ ጭንቅላቷን ታሾልክና መመለስ ያቅታታል። ፊንች የምትባለው ዘር በል ወፍ ከባጂ ስለምታንስ 1 ሳንቲ ሜትር ይበቃታል።

የኮምቦልቻዋ፦ እኔ የዶሮ ሽቦ ገዝቼ ላሠራ ነበር። ርካሽ ነው።

በያጁ፦ እህቴ፣ እሱ ዚንክ የተቀባ ነው። ባጂ ያገኘችውን ትነክሳለች። ዚንኩ ተልጦ ሆዷ ከገባ ይመርዛታል። ስቴንለስ ይሻላል፤ ዋጋውን ግን አታንሺብኝ።

እናት ዓለም፦ ልጆች፣ ስለ ቦታውስ? የደሴ ብርድ በር ላይ ለተሰቀለ ወፍ ምን እንደሆነ አስቡት! ኮምቦልቻ ደግሞ የቀትር ፀሐዩ አለ። ጥላ የሌለው ኬጅ ምጣድ ነው። ጭስም አለ። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም። ከሰሉ፣ ዕጣኑ፣ ቡናው በሚጨስበት ክፍል አታስቀምጧቸው።

የጦሳ ልጅ፦ እማማ፣ ወሎ ላይ ቡና ተዉ ሊባል ነው?

እናት ዓለም፦ ወላሂ ቡናውን አልተውም! ኬጁ ይውጣ።

የኮምቦልቻዋ፦ ከተከለከለስ ያሉት ወፎች የት ይሄዳሉ? «ልቀቋቸው» የሚል እንዳይመጣ። ቤት ውስጥ ያደገች ባጂ ጦሳ ተራራ ላይ ብትለቀቅ ምግብ መፈለግ አታውቅ፣ ጭልፊት አታመልጥ። እኔ በክልከላው አልስማማም። መጠን ይወሰን፤ ክቡ አይሸጥ።

የጦሳ ልጅ፦ መጠኑን ማን ቆሞ ይለካል? በየካፌው ሜትር ይዞ የሚዞር ሊቀጠር ነው? መከልከል ይቀላል።

በያጁ፦ ካፌው ያስወልቀውና ቤቱ ወስዶ ጓዳ ይሰቅለዋል። እዚያ ማንም አያያትም፤ ከሰሉም እዚያው ነው።

የኮምቦልቻዋ፦ በያጁ፣ ጎኑ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ በስንት ትሠራልኛለህ?

በያጁ፦ በውስጥ መስመር ግቢ፣ እናውራ።