አልጋ ሥር የቀረችው ድመቴ

እባካችሁ ምክር ለግሱኝ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ከ9 ቀን በፊት ከእንስሳት መጠለያ የ11 ዓመት ድመት አምጥቻለሁ። የድመት ግልገል ሰውን በደንብ የሚላመደው ከ2 እስከ 7 ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው፤ እርሷ ያን ጊዜ ያሳለፈችው የሰው እጅ ሳይዳብሳት ነው። ቀኑን ሙሉ ከአልጋ ሥር አትወጣም። ሌሊት ጅብ ሲጮህና የሰፈሩ ውሾች ሲያላዝኑማ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ትንቀጠቀጣለች፤ አንጀቴን ትበላዋለች። የምትበላው ቤቱ ጸጥ ሲል ብቻ ነበር፤ ትናንት ግን የቀቀልኩላትን ዶሮ ሳትነካው አደረች። ጎረቤታችን እማማ ወተት ስጫት ይሉኛል፤ ወተት ግን የብዙ ትልልቅ ድመቶችን ሆድ ያውካል። ድመት ለቀናት ካልበላች ጉበቷ ስለሚጎዳ ነገ ሐኪም ዘንድ ልወስዳት አስቤያለሁ። ሳላስደነግጣት ከአልጋው ሥር እንዴት ላውጣት? እንዲህ ያለች ፈሪ ድመት ያላመዳችሁ፣ ከምን ጀመራችሁ?