ገዢው «ግሪን» ሲለኝ አረንጓዴ መስሎኝ ጉድ ሆንኩ

የሂርማታ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ሚዛን እመዘግባለሁ፣ ጆንያ እቆጥራለሁ። እንግሊዝኛ የሚሞካክር ሲጠፋ ደግሞ የምጠራው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ የውጭ አገር ገዢ በዋትስአፕ «ግሪን ኮፊ አላችሁ ወይ?» ብሎ ጻፈልን። እኔም ኮራ ብዬ «የለንም፤ እኛ የምንገዛው ቀይ የተለቀመውን ብቻ ነው፤ አረንጓዴ አናስገባም» አልኩት። ሰውዬው አመስግኖ ጠፋ። ለአለቃዬ ስነግረው ራሱን ያዘ። ከኋላዬ እኮ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል!

መዝገበ ቃላት ባይ «አረንጓዴ» ይላል። ታዲያ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ይሄ ቃል ስንት ትርጉም ነው ያለው? እባካችሁ አስረዱኝ፣ ሁለተኛ እንዳልዋረድ።

ቡና ቀማሽ፦

አይዞህ ወንድሜ፣ ሳቄን ግን አልደብቅህም። ግሪን ኮፊ ማለት የኛው ጥሬ ቡና ነው፣ በቃ። ታጥቦም ይዘጋጅ በደረቁ፣ ተፈልፍሎ እሳት እስካልነካው ድረስ ግሪን ነው።

አንድ እፍኝ አውጣና በር ላይ ሆነህ እየው። የታጠበው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። በደረቁ የተዘጋጀው፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ከነልጣጩ የከረመው ግን ብጫ ብጫ ይላል። እናንተ ጋ የሚበዛው ይሄኛው ከሆነ አረንጓዴ ነው ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ አልፈርድብህም።

አንተ ያሰብከው ሳይቀላ የተለቀመውን ነው። እሱ «አንራይፕ» ይባላል። ዋጋውን የሚበላውም እሱ ነው። ስትቆላው ከጓደኞቹ ጋር አይጠቁርም፣ ገርጥቶ ይቀራል። ስኒ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የኦቾሎኒ ልጣጭ የታኘከ ይመስላል። እና «አናስገባም» ማለትህ ጥሩ ነበር፤ ለተሳሳተ ጥያቄ ሆነ እንጂ።

ጡረተኛው መምህር፦

አንተ ልጅ፣ መዝገበ ቃላቱ አልዋሸህም፣ የመጀመሪያውን መስመር አንብበህ ዘጋኸው እንጂ። እስቲ ሦስቱን ቃላት ጮክ ብለህ አንብባቸው፦ ግሪን፣ ግሮው፣ ግራስ። አረንጓዴ፣ ማደግ፣ ሣር። ሦስቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ስለዚህ እንግሊዞች ግሪን ሲሉ ቀለሙን ብቻ አያዩም። ገና በማደግ ላይ ያለ፣ ያልደረቀ፣ ያልበሰለ ነገር ሁሉ ይገባበታል።

እኛ ይሄን ሁሉ በአንድ ቃል አንልም። ክረምት ላይ ጢሱ ዓይናችንን የሚያጠፋውን እንጨት «እርጥብ» እንላለን፤ እነሱ ግሪን ዉድ ይሉታል። ሥራ ያልለመደውን ልጅ እኛ «ገና ጥሬ ነው» ወይም «ጮርቃ» እንላለን፤ እነሱ ግሪን። ግሪንሆርን የሚባልም ቃል አለ። ቃል በቃል አረንጓዴ ቀንድ ነው። ጥንት ቀንዱ ገና የበቀለ ወይፈን ይጠሩበት ነበር፤ ዛሬ ለጀማሪ ሰው ሆኗል። ቀንበር ያልቀመሰ ወይፈን ጠምደህ ካየህ ትርጉሙን ማንም ባያስረዳህ ይገባሃል።

ኦሮምኛችን እዚህ ላይ ለእንግሊዝኛው ይቀርባል። ዼዺ ስትል ያልበሰለ ሥጋም፣ ያልበሰለ ፍሬም፣ ያልተቆላ ቡናም ነው። በኦሮምኛ አስበህ ብትመልስ ኖሮ ገዢው አይጠፋብህም ነበር!

አንድ ተማሪዬ ግሪንሃውስን «አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቤት» ብሎ ተርጉሞልኝ ያውቃል። አትክልት የሚለማበት የመስታወት ወይም የላስቲክ ቤት ነው። ግሪንግሮሰር ደግሞ አትክልትና ፍራፍሬ ሻጭ ነው።

ዲቪ ሞላሁ፦

ጋሼ፣ ግሪን ካርድስ? እሱም ያልበሰለ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦

የለም የኔ ልጅ፣ እሱ የካርዱ ቀለም ነው። ጥንት አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ለብዙ ዓመታት በሌላ በሌላ ቀለም ታተመ፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ አረንጓዴው ተመለሰ። ይድረስህ።

የሂርማታ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ የወይፈኑ ነገር ገብቶኛል፤ አባቴ ገበሬ ነው።

ትናንት ማታ ለገዢው በድጋሚ ጻፍኩለት። «ይቅርታ፣ ግሪን አለን፣ ያውም የዘንድሮ፤ ያልኩህ ሌላ ነበር» አልኩት። ዛሬ ጠዋት ናሙና ላኩልኝ ብሎ መለሰ። ቡና ቀማሽ እንዳለው እፍኝ አውጥቼ በር ላይ አየሁት። እውነትም ብጫ ብጫ ይላል። ናሙናውን ራሴ መርጬ አሸግኩ፤ ጥቁርና የተቦረቦረ ፍሬ እየለቀምኩ ስጥል አለቃዬ «ተው፣ እንዳለ ይሂድ፤ ኋላ ከጆንያው ጋር ካልገጠመ ጣጣ ነው» ብሎ መልሶ አስከተተኝ።

ስሜንም ቀይሮታል። ስገባ «ግሪን መጣ» ይላል። በየትኛው ትርጉም እንደሆነ አልጠየቅኩትም።