ታንግ ዓሣዬ ላይ የወጣው ነጭ ነጥብ ጠፋ፤ ዳነች ማለት ነው?

ሰላም ናችሁ? የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፤ ኮራልና ሽሪምፕም አብረው አሉ። ከሦስት ቀን በፊት ታንግ የምትባለው ሰማያዊ ዓሣዬ ላይ ጨው የተነሰነሰባት የሚመስል ነጭ ነጥብ አየሁ። ድንጋይ ላይ እየሄደች ትታከካለች። ዛሬ ጠዋት ግን ነጥቡ የለም። ድናለች? ወይስ የመዳብ መድኃኒት ልጨምር? በጣም ጨንቆኛል።

መልስ 1፦ አልዳነችም ወንድሜ። ይሄ ክሪፕቶካርዮን የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ነው። ጠግቦ ከቆዳዋ ወርዷል፤ አሁን አሸዋና ድንጋይ ላይ ተለጥፎ እየተራባ ነው፣ ከዚያ ልጆቹ በብዛት እየዋኙ ዓሣ ፍለጋ ይወጣሉ። መዳቡን እባክህ እዚያው እንዳትጨምር! ሽሪምፑንም ኮራሉንም ይፈጅብሃል። ዓሦቹን በሙሉ፣ ጤነኛ የሚመስሉትንም ጭምር፣ ሌላ ገንዳ ውስጥ አክማቸው።

መልስ 2፦ ትክክል። መዳብ የሚገድለው የሚዋኘውን ብቻ ስለሆነ 30 ቀን ያህል መጠኑ ሳይወርድ መቆየት አለበት። በየቀኑ በመለኪያ ለካ። እኔ አንዴ በግምት ጨምሬ ሁለት ዓሣ ሞተብኝ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ማከሚያው ገንዳ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ አታስገባ፣ መዳቡን ይመጥጡታል። ዋናው ገንዳ ደግሞ ተውሳኩ ዓሣ አጥቶ እንዲያልቅ 76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆይ።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ገንዳውን ዛሬውኑ አዘጋጃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።